የሰርጥ ሚካኤል ሰሜን ግድግዳ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

...ጫማውን ማውለቁን ግን አስታውሳለሁ። ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ጫማዎቹንም ከደጃፉ ድንጋይ አጠገብ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጣቸው፤ ቶሎ እንደሚሄድ ሰው። በቅሎዋ ከወይራው ሥር ታስራለች። የካሜራውን ሦስት እግር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ ሰገነት። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አርባ ዓመት ሳስተምር ኖሬ የራሴን ከመካከል ጀመርኩት። በሰላምታ የጀመርኳቸውን ሦስት ወረቀቶች ቀድጃቸዋለሁ። እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ከርመሻል? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኛ ጋ ብርዱ ገብቷል። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ እንነጋገር ያልሽውን ተይው፤ ስልክ ስይዝ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለአለነ ስጪው። ተማሪዬ ነበር። ክፍልፋይ ሳይገባው ከክፍሌ ወጥቷል፣ አደራ ግን አይበላም።

የአባትሽን ሞት የሰማሁት ከአንቺው ደብዳቤ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዳባት ላይ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ቤት ዛሬ የእህል መጋዘን ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ሰማያዊውን መጋረጃ ይፈልጋል።

አዎ፣ በአባትሽ እጅ በፖስታው ላይ የተጻፈው አለምነህ እኔ ነኝ። በ1960 የሰርጥ ሚካኤል ዲያቆን ነበርኩ፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። በኋላ ድቁናውን ትቼ መምህር ሆንኩ።

የላክሻቸውን ፎቶዎች በየተራ ልመልስልሽ። የመጀመሪያው፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን በሣር ክዳን፣ ራሱ ሰርጥ ሚካኤል ነው። ሣሩ ጓሳ ነው፤ አዲስ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚያበራው። ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤተ ልሔም ነው። በሦስተኛው ላይ ጥላ ይዞ የቆመው አጎቴ ቄሰ ገበዝ ሰይፈ ሥላሴ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር፤ ካሜራውን ላለማየት ሲል ነው ዓይኑን የጨፈነው።

አራተኛው የሰሜኑ ግድግዳ ሥዕል ነው። ሚካኤልና የሞቱን ደብዳቤ ሳያውቅ የያዘው ልጅ፤ መልአኩ ቃሉን ወደ ሕይወት የለወጠለት። ሥዕሉ ዛሬ የለም። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናብ ገብቶ አጠፋው፤ በኋላም በኖራ ተለሰነ።

እንዴት ተነሳ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አላስታውስም። ጎንደር ላይ ከምታዘጋጂው የፎቶ ትርኢት ጋር ይሰቀል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አባትሽ «አለምነህ ሳይፈቅድ ለማንም እንዳይታይ» ብሎ ከጻፈ፣ እኔ አልፈቅድም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

አክባሪሽ
አለምነህ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ አለምነህ፣

ሰላምታ ረስተው የጀመሩት ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብኩት። የአባቴ ጫማ! እስኪሞት ድረስ ጫማውን አፍንጫውን ወደ በር አዙሮ ነበር የሚያስቀምጠው። እናቴ «ይኸ ሰውዬ ሊጠፋ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ላስቸግርዎ አልፈልግም። ግን ሥራዬን ልንገርዎ፤ ያኔ የሚገባዎት ይመስለኛል። ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራጅ አነሳሁ። ሰው የሚያየው አጥንቱን ነው። እኔ የማየው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ነው። ሌላ ዓይን አልተሰጠኝም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ አርባ ሁለት ፖስታ፣ በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ ኔጌቲቭ። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ሲወርዱ ያሉትን የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በበቅሎ እየዞረ ያነሳቸው ናቸው። አብዛኞቹ እርስዎ እንዳሉት ዛሬ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ሥዕሎቹም የሉም። ለዚህ ነው ትርኢቱን ከፋሲካ በኋላ ላዘጋጅ ያሰብኩት። አባቴ በሕይወቱ የመታወቂያ ፎቶ አንሺ ተብሎ ነው የሞተው። ይህን መተው አልቻልኩም።

ከአርባ ሁለቱ «እንዳይታይ» የሚለው አንድ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። በቤተ ክርስቲያን ቅድስት ውስጥ፣ መስኮት በሌለበት፣ ብርሃኑ ከየት መጣ?

ሰገነት ሸጋው


ደባርቅ፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሰገነት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ከነቤተሰብሽ። በዚህ ሳምንት ውርጭ ወርዶ የጓሮዬን ጎመን ሁሉ አጥቁሮታል። ማታ ማታ የሚያሳልፍልኝ ነገር እንዳገኝ ብላ ልጄ ከባሕር ዳር ራዲዮ ልካልኛለች፤ ጮክ አድርጌ ስለምከፍተው ጎረቤት ዜናውን ከእኔ ቀድሞ ይሰማል።

ለጥያቄሽ፦ በመስተዋት ነው። አባትሽ ትልቅ መስተዋት በበቅሎ ጭኖ ይዞ ነበር። በምዕራቡ በር በኩል ፀሐይዋን ተቀብዬ ወደ ግድግዳው የመለስኩለት እኔ ነኝ። አሁን ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። የሌሎቹን ፎቶዎች ስም ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በዐሥረኛው ላይ ያሉት ሴቶች የጽዋ ማኅበር ናቸው፤ በስተቀኝ ያለችው የሳቀችው አክስቴ ናት። በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ የሳቀ ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አለምነህ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ አለምነህ፣

አክስትዎን በትልቁ አሳጠብኳቸው። ሲያዩዋቸው እርስዎም ይስቃሉ። ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

አሁን የምጽፈውን በድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሦስት ቀን ሳልጽፈው ቆይቻለሁ።

ከደጅ በመስተዋት የሚመለስ ብርሃን ከጎን ወይም ከታች ይመጣል። በሚካኤል ክንፍ ላይ ያለው የግድግዳ ጉብታ ጥላው ወደ ላይ ይወድቅ ነበር። በአባቴ ፎቶ ላይ ግን የግድግዳው ጉብታ ሁሉ ጥላው ወደ ታች ነው። ብርሃኑ የመጣው ከላይ ነው። ከጣራው።

ሌላም አለ። ልጁ በያዘው ደብዳቤ ላይ ደብዛዛ ጥላ አለ። መጀመሪያ የሥዕሉ ቀለም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኔጌቲቩን ወደ ሥራ ቦታ ወስጄ በራጅ ማያው መብራት ላይ ዘረጋሁት። ጋሼ፣ በቀን ስንት እጅ እንደማይ ያውቃሉ? እጅ ሳይ አልሳሳትም። አራት ጣቶች ናቸው፤ አውራ ጣቱ ተደብቋል። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ሣሩን በእጁ ይዟል።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ወራት አእምሮው ሲደክም ጣራ ጣራውን እያየ «ዘነበ እንዴ?» ይል ነበር። በበጋ። «አልዘነበም አባዬ» እለዋለሁ። «መንግስቴን ጠሩት?» ይላል። መንግስቴ የሚባል ሰው በቤተሰባችን የለም።

መንግስቴ ማነው?

ሰገነት


ደባርቅ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሰገነት፣

እጁ የእኔ ነው።

ይህን ጽፌ ተነሳሁና ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ተመልሼ ስመጣ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነበር። ስለዚህ ልቀጥል።

የገበያ ቀን ነበር። አጎቴ ቄሰ ገበዝ ወደ ዳባት ሲወርድ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አባትሽ የተፈቀደለት ውጭውን እንዲያነሳ ብቻ ነው። ውስጡን ላሳየው ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጨለማ ነው። ክብሪት ጭሮ ሥዕሉን አየ። መስተዋት ሞክረናል፤ ይህ ውሸት አልነበረም። ሰሜኑ ግድግዳ ጋ ግን አልደረሰም።

ከዚያ እንዲህ አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፦ «ግንቦት ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዓመት ውስጥ ይህን ግድግዳ ልታየው የምትችለው አሁን ነው። ጣራው ነው የከለከላት።» ጣራው ላይ ውጣ አላለኝም። ይህን ስለ አባትሽ እወቂልኝ። «እኔ ልክፈትላት» አልኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ካሜራ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሰውየው እንዲያደንቀኝ ፈልጌ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሃምሳ አምስት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም።

በመሰላል ወጣሁ። ከጉልላቱ አራት ክንድ ዝቅ ብዬ፣ ሣሩ የታሰረበትን የዛፍ ልጥ በብዕር መቅረጫ ቢላዬ ቆረጥኩት። ሣሩን ገልጬ በእጄ ያዝኩት። ከታች «ያዘው! እንዳትነቃነቅ!» ይላል። አልተነቃነቅኩም። በቀዳዳው ቁልቁል አየሁ። ብርሃኑ የሚካኤልን ፊት መታው። እኔ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አድጌ ፊቱን በፀሐይ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀይ ሳይሆን ብርቱካናማ ነበር።

ስወርድ አባትሽ «ነገውኑ ለከዳኙ ንገረውና መልሶ ይሰረው» አለኝ። «እሺ» አልኩ።

ሣሩን በእጄ መልሼ ደልድዬዋለሁ። ከታች ሲታይ ምንም የሚያስታውቅ ነገር የለውም። ለከዳኙ ብነግረው፣ ማን ፈታው? ይላል። በማን ፈቃድ? ለምን? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሰኔ ገባ።

ከዳኙ መንግስቴ ነው። አሁን ስለ እሱ ልጻፍልሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

አያ መንግስቴ ሦስት ልጆች ቀብሯል። አራተኛዋ በ1959 ስትወለድ ለሚካኤል ተሳለ፤ ለክርስትናዋ ከደረሰችልኝ ቤትህን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዬን በእጄ እከድናለሁ ብሎ። ደረሰች። ስሟን ስጦታ አላት። ጓሳውን ራሱ አጨደ፤ ራሱ ተሸከመ፤ ማንም አንዲት እስር እንኳ አላቀበለውም። ወር ሙሉ እየጾመ ከደነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሚያበራው ሣር ያ ነው።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው ማልቀስ ጀመረ። ደብዳቤው መጀመሪያ ጠፋ፤ ከዚያ የልጁ እጅ፤ ከዚያ የመልአኩ ፊት ወደ ታች ፈሰሰ። ሰው ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሚካኤል ስእለቱን አልተቀበለውም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይራው ሥር አቆሙት። እኔ ከአጎቴ ኋላ ጥላ ይዤ ቆሜያለሁ።

«መንግስቴ» አለ አጎቴ፣ «ጾምህን ጠብቀህ ነው የከደንከው?»

«ጠብቄ ነው፣ አባ።»

«ሁሉንም ቀን?»

«ሁሉንም ቀን።»

«እስቲ አስብ።»

አሰበ። ረጅም ጊዜ አሰበ። ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ምናልባት አንድ ቀን ጧት... ውሃ ቀምሼ ይሆናል።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ተፈታ ማለት ነው። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ጥላውን አጠፍኩ።

መንግስቴ ከዚያ ወዲህ ጣራ ከድኖ አያውቅም። ዳባት ወርዶ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። መልአኩ ስእለቱን ካልተቀበለ የተሰጠችው ልጅ ትወሰዳለች ብሎ ያምናል፤ እስከ ዛሬ። ከከተማ አላስወጣትም። ለሽምግልና የመጣውን ሁሉ መለሰ። በየዓመቱ ሰኔ 12፣ በሚካኤል ቀን፣ በሩን ዘግቶ አብሯት ይውላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስምንተኛ ክፍል አስተማርኳት። ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣ አባቷ እንቢ ሲል፣ ላግባባው ቤቱ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ስለ ትምህርት ጥቅም አወራሁ።

ዛሬ አያ መንግስቴ ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሲተነፍስ ደረቱ እንደሚጮኽ ሰው ነግሮኛል። ስጦታ ልብስ ትሰፋለች።

ፎቶውን ስቀዪው ወይም አቃጥዪው። እኔ የምፈቅድ ሰው አይደለሁም።

አለምነህ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን አሉ። ብዙ ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ተናድጄብዎ ቆየሁ። ቁጣው ሲበርድልኝ ግን ከሥሩ የራሴን ነገር አገኘሁ። እኔም የደበቅሁት አለ።

በዚያ ፖስታ ውስጥ ኔጌቲቩ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ሁለተኛውን ለእርስዎ አልላክሁም፤ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንዲህ ነው፦ ያው ግድግዳ ነው። ሥዕሉ ፈስሷል። ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አገጩ አጣፍቶ ቆሟል፤ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ያያል። ከጀርባው በአባቴ እጅ «መስከረም 1961» ይላል።

አባቴ ተመልሶ መጥቷል፣ ጋሼ። አይቷል። ሰውየውን አጠገቡ አቁሞ አንስቶታል። ከዚያም በቅሎው ላይ ወጥቶ ወደ ዳባት ወርዷል። የአባቴን ስም ላስጠራ ብዬ ትርኢት የማዘጋጅ እኔ ይህን ይዤ ስድስት ወር ተቀመጥኩ።

ትርኢቱን አቁሜዋለሁ። ሁለቱንም ፎቶ አሳጥቤ በአለነ እጅ ልኬልዎታለሁ። እኔ ብመጣ ለእሱ እንግዳ ሰው ነኝ፤ ከሞተ ፎቶ አንሺ አፍ የሰማሁትን የማወራ። እርስዎ ግን አሉ። እሱም አለ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

ይሂዱ።

ሰገነት


ደባርቅ፣ መጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሰገነት፣

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። አለነ «መምህር፣ ምን ከባድ ነገር ነው? ሁለት ፈታሽ ነክቶት ሁለቱም ተወው» ብሎኛል። ሁለተኛውን ፎቶ አንድ ጊዜ አይቼ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ሄጄ ነበር። እንደ ሄድኩ ጻፊው። ዳባት ወርጄ ቤታቸውን አንኳኳሁ። ስጦታ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«መምህር! ጠመኔ ሳይይዙ ሳይዎት አላወቅኩዎትም።»

ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ ባፌ የመጣልኝ የለበስኩት ኮት ነው። ሰፍቶኛልና አጥብቢልኝ አልኳት። አስወልቃ ገልብጣ አየችው።

«ኮቱስ አልሰፋም፤ እርስዎ ነዎት የከሱ» አለች። «እንዲህ ከሆነ ዘንድሮ አጥብቤ ለከርሞ ላሰፋልዎት ነው?»

አባቷ ከውስጠኛው ክፍል «ማነው?» አለ።

«መምህር አለምነህ ናቸው፣ አባየ።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፤ ከስተዋል።»

«አይ፣ ሰው ሁሉ ከሳ» አለ፤ ከዚያ ሳል ያዘው፤ ብዙ ሳለ። ፖስታው በደረቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮቱን ስታስወልቀኝ እሷው አውጥታ በእጄ አስይዛኛለች። በእጄ ይዤ ቆየሁ። ኮቱ እስኪጠብ ጠበቅሁ። ለብሼ ወጣሁ።

አሁን ኮቱ ልክ ሆኖኛል። ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም።

አለምነህ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ አለምነህ፣

እንኳን ደኅና ከረሙ። ኮቱ ስለሆነዎት ደስ ብሎኛል።

አሁን ግንቦት ነው። አባቴ እንዳለው ከሆነ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን አዘንብላለች።

ከዚህ በኋላ አልጽፍልዎትም፤ እስኪጽፉልኝ።

ሰገነት


ደባርቅ፣ ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሰገነት፣

ትናንት ሄድኩ። በሚካኤል ቀን። ቀኑን የመረጥኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ በዚያ ቀን እቤት እንደሚገኙ ስለማውቅ ነው፤ ኮትም ይዤ አልሄድኩም።

በሩ ተዘግቷል። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በመጨረሻ ስጦታ ገርበብ አድርጋ አየችኝ። «መምህር፣ ዛሬ በር እንደማንከፍት ያውቁ የለም እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አውቃለሁ» አልኩ። ፊቴን አየችና አስገባችኝ። ጫማዬን ከደጃፉ አወለቅሁ። የእሷም እዚያው ነበር።

አያ መንግስቴ መደቡ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ግራጫ ሆኗል። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፖስታውን አወጣሁ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ወር ስለዚህ ፎቶ ስንጻጻፍ እሱ እንደማያየው አንዳችንም አላሰብንም። በቃል መናገር ነበረብኝ።

«አያ መንግስቴ፣ የሰርጥ ሚካኤልን ክዳን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ያልሰማኝ መሰለኝ፤ ስለ ጆሮዬ ነው መሰል ሰውን ሁሉ ደንቆሮ አደርጋለሁ። ልደግመው ስል፦

«በየት በኩል?» አለ።

«በሰሜን።»

«ከጉልላቱ ምን ያህል ዝቅ ብለህ?»

«አራት ክንድ።»

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ አንድ ነገር የሚዳብስ መሰለ። «እዚያ ጋ ሁለት ልጥ ነው ያሰርኩት» አለ። «ደራርቤ። ነፋሱ በዚያ ነው የሚመጣ።»

«ሁለቱንም ቆርጫለሁ።»

«በምን መለስከው?»

«በዚያው በሣሩ።»

«አሰርከው?»

«አላሰርኩትም፣ አያ መንግስቴ።»

ስለ አባትሽም ነገርኩት፤ ስለ ካሜራው፤ ስለ ፀሐይዋ። የእጄ ጥላ ፎቶው ላይ እንዳለ ነገርኩት። በመስከረም ያቆመውን ፎቶ አንሺ ያስታውሰዋል። «ቀና በል አለኝ» አለ። «እኔ የት ጋ እንደፈሰሰ ስፈልግ ነበር። ከታች አይታይም።»

ስጦታ ከተሸፈነው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። መቼ እንደተቀመጠች አላውቅም።

«ውሃ አልቀመስኩም ነበር» አለ አያ መንግስቴ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። «ያን ጊዜ። አንድም ቀን አልቀመስኩም። ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ ሌላ የምለው አጥቼ ነው። ከዚያ እያደር እውነት መሰለኝ። ውሃው ቅዝቃዜው ሁሉ ይታወሰኝ ነበር።»

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ በመንገድ ላይ ስደጋግመው ነበር። ቃሉ ለእሱ አነሰብኝ። ወይም ፈራሁ። የትኛው እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

ስጦታ ተነስታ መጣች። የእጄ ጥላ ያለበትን ፎቶ ከጉልበቴ ላይ አነሳችው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አየችው። አውራ ጣቷን በጥላው ላይ አሳረፈች፤ በአራቱ ጣቶች አጠገብ፣ የእኔ አውራ ጣት ሊሆን በሚገባው ቦታ።

«ያኔ እኔ የተመረጥኩ ጊዜ» አለች፣ «ስለ ትምህርት ሊያወሩ የመጡ ቀን፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እዚሁ ነበር የተቀመጡት።»

«እዚሁ።»

ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ከተተች። ከምስማሩ ላይ ነጠላዋን አወረደች፤ የክት ነጠላዋን፤ ተጣጥፎ የተቀመጠበት መስመር ይታያል። እየተከናነበች ወደ በሩ ሄደች። ከርቀት የሚካኤል ንግሥ ከበሮ ሳይሰማ አይቀርም፤ እኔ አልሰማሁም፤ አያ መንግስቴ ግን አንገቱን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር።

ጫማዋን ስታደርግ ሰማት። ማንም ከመናገሩ በፊት ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። አፉን ከፈተ። እጁ ከጋቢው ውስጥ ወጥቶ በአየር ላይ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ ወረደ።

በሩን ስትከፍተው ብርሃኑ ለአንድ አፍታ መደቡ ድረስ ደረሰ። እኔም እሱም በውስጡ ነበርን።

በሩ ተዘጋ።